የማያልቀው ዳንቴል

ፋርማሲስቷ በእናቷ ቤት ስታድግ ከኪሮሽ ሥራ የተማረችው መፍታቱን ብቻ ነው። እናቷ የያዘችው ዳንቴል ሲበላሽባት «ነይ እስቲ አንቺ፣ ይሄን ፍቺልኝ» ብላ ታቀብላታለች፤ እሷም የክሩን ጫፍ ይዛ እየጎተተች ትፈታና መልሳ ትጠቀልላለች። መሥራቱንም ልታስተምራት ሞክራ ነበር፤ እጇ እሺ አላለም እንጂ። ክሩን የሚያመልጣት ይመስል ወጥራ ስለምትይዘው የጀመረችው ሁሉ እየተኮማተረ እንደ ቆብ ይቆማል። እናቷ በመጨረሻ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብላ ሳቀችና መርፌውን ከእጇ ተቀበለቻት። ከዚያ ወዲያ የቤቱ የሥራ ድርሻ ታወቀ፤ እናት ትሠራለች፣ ልጅ ትፈታለች። ይህቺ ሙያ፣ ሙያ ከተባለች፣ ከስንት ዘመን በኋላ መዘዝ ታመጣለች ብሎ ማን ይጠረጥራል።

ነገሩ የጀመረው እናትየዋ የወደቀች ጊዜ ነው። የምትኖረው ብቻዋን ነው፤ ያውም ሊፍት በሌለው ፎቅ ላይ፣ ያውም ደረጃው በተበላ ሕንፃ ውስጥ። አንድ ጠዋት ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ እግሯ ከዳትና እስከ ደረጃው መታጠፊያ ተንከባለለች። የሕንፃው ጥበቃ ለራሱ ጉዳይ ወደ ላይ እስኪወጣ ድረስ እዚያው ወድቃ ቆየች። «ለምን አልተጣራሽም?» ስትባል «ሰው መረበሽ አልፈለግኩም» አለች። እንዲህ ያለች ሴት ናት። ቁርጭምጭሚቷ ጀሶ ታሰረላትና ወደ ልጇ ቤት መጣች፤ መጣች ከማለት አመጧት ማለቱ ይሻላል፤ አማቿ ነው እየተቆጣችው በእቅፉ ያስገባት።

ጀሶው በተነሣላት ማግስት ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ስትጎትት ተገኘች። ያን ቀን ያቆያት የምግብ ጠረጴዛው ነው። አማቿ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ትልቅ ነገር ይወዳል። አንድ ልጃቸው ለትምህርት ሌላ ከተማ ሄዶ ቤቱ ለሁለት ሲቀር፣ ስድስት ወንበር ያለው ጠረጴዛ ገዝቶ መጣ። ሚስቱ ምን አስቦ እንደሆነ ብትጠይቀው «ሰው ቢመጣስ?» አላት። ሰው አልመጣም። የመጣችው እናትየዋ ብቻ ናት፤ እሷም አሁን ሻንጣዋን ይዛ በጠረጴዛው በኩል ስታልፍ ቆም አለችና ላዩን በመዳፏ ዳበሰችው። ትኩስ ሳህን ያረፈበት ቦታ ከወዲሁ ነጭ ነጭ ምልክት አውጥቶ ነበር።

«እንዲህ ራቁቱን ቆሞ ትቼው አልሄድም» አለች። «ለየወንበሩ አንዳንድ የሳህን ማስቀመጫ እሠራለታለሁ። የመጨረሻው ባለቀ ማግስት ግን ወደ ቤቴ ነኝ። እንዳትለማመጡኝ።»

ማንም አልተለማመጣትም። ሾፌሩ አማቱን ስለሚያውቃት ዝም አለ። ፋርማሲስቷ ደግሞ ሌላ ችግር ነበረባት። ለበሽተኛ መድኃኒት ስታስረዳ የሚሰማት ሰው አፏ ማር ነው ይላል፤ ለራሷ አንድ ነገር መለመን ሲመጣ ግን አንደበቷ ይተሳሰራል። ባደገችበት ቤት ፍቅር ማለት የተሞላ ሳህንና የተተኮሰ ልብስ ነው፤ «አትሂጂብኝ» የሚባል ነገር ማንም ለማንም ሲል ሰምታ አታውቅም። ደግሞም እናቷ አንዴ እምቢ ካለች እምቢ ነው። ያልተጠየቀ ነገር ግን እምቢ አልተባለም እያለች ራሷን ትደልላለች። ሞኝነት ነው፤ ነገር ግን በዚህ ሞኝነት ስንቱ ሰው ዕድሜውን ይጨርሳል።

እናትየዋ ነጭ የጥጥ ክር አስገዛችና ሳሎን መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። አሠራሯ የታወቀ ነው። መሐል ላይ ትንሽ ቀለበት ትጀምርና በዙር በዙር እያሰፋች ትሄዳለች፤ ሳህን ሲያህል ዳሩን ጥርስ ጥርስ አውጥታ ትዘጋዋለች። ፋርማሲስቷ የመጀመሪያውን ቀን አይታ ዓመቱን ሙሉ ይፈጃል ብላ ደስ አላት። ደስታዋ ብዙ አልቆየም። የእናቷ እጅ ወሬ አያግደውም። ጎረቤታቸው፣ ጠዋት ተከፍታ የሚዘጋት ስላልተገኘ ሬዲዮ የሚሏት ሴትዮ፣ መጥታ የሰፈሩን ጉዳይ ስትዘረዝር እናትየዋ «እህ» እያለች ትሰማለች፤ ዓይኗ ሬዲዮ ላይ ነው፣ ጣቶቿ ግን ዙሩን ጨርሰው ሌላውን ጀምረዋል። አንዱ ዳንቴል አለቀ፤ ሌላውም አለቀ። ማታ ማታ ሾፌሩ ሳህኑን አዲሱ ላይ እያስቀመጠ «እናቴ፣ እርስዎ እኮ ከኔ አውቶቡስ ይፈጥናሉ» ይላታል፤ ሚስቱ ግን ፈገግ አትልም።

አምስተኛው ሲጋመስ ፋርማሲስቷ እንቅልፍ አጣች። እናቷን ደረጃው መታጠፊያ ላይ እግሯ ታጥፎ፣ ሰው ላለመረበሽ ድምፅዋን ውጣ ታያታለች። የምትሠራበት ፋርማሲ ቅርብ ስለሆነ ለምሳ ቤቷ ትመጣለች፤ አብረው ይበላሉ፤ ከዚያ እናትየዋ ጥቂት ትተኛለች። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ እናቷ ከተኛች በኋላ ሳሎን ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ዳንቴሉ ወንበሩ እጀታ ላይ ተቀምጧል፤ የመጨረሻው ቀለበት እንዳያመልጥ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። እንዲሁ ልታየው ነበር ያነሣችው። መርፌ ቁልፉን አወጣች፣ ክሩን ሳብ አደረገች፤ እጅ የለመደውን አይረሳምና ሁለት ዙር እንደ ዋዛ ተተረተረላት። ቀለበቱን መልሳ በመርፌ ቁልፉ ያዘች፣ ክሩን ጠቀለለች፣ እጇን ታጥባ ወደ ሥራዋ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ደንበኞቿን ስታስተናግድ ፊቷ በርቶ ነበር።

በማግስቱም ፈታች። በሦስተኛው ቀን ተወችው፤ ባልተወችው ቀን ግን ብዙ ታካክሳለች። ይሄ ለሷ ስርቆት አልመሰላትም። እናቷ ከሠራችው ላይ ጥቂት ዙር ወስዳ ጥቂት ቀን እየጨመረችላት ነው፤ ማንን ጎዳች? እናትየዋ ዓይኗ ደከም ብሏል፤ ዙሩን ደግሞ አትቆጥርም፣ በእጇ እየለካች ነው የምትሠራው። አታውቅም አለች በልቧ። አምስተኛው ዳንቴል ተጎትቶ ተጎትቶ አለቀ፤ ስድስተኛው ተጀመረ፤ ስድስተኛው ግን አንዴ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ያህላል፣ ሰፋ ይልና ደግሞ ተመልሶ ያንኑ ያህላል።

ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር እየተለወጠ ነበር፤ ፋርማሲስቷ ያየችው ግን ማየት የፈለገችውን ነው። እናቷ ዝምተኛ ሆነች፤ እሷ «ቤቱን ለመደችው» አለች። ሬዲዮ ስትመጣ «ዛሬ ራሴን አሞኛል» ብላ ትመልሳታለች፤ እሷ «ወሬ ሰልችቷት ነው» አለች። ሾፌሩ አንድ ማታ ድስት ሲያጥቡ፣ እናትየዋ ዕለቱ ምን እንደሆነ ሁለት ጊዜ እንደጠየቀችው ነገራት። «ጡረተኛ ቀን ምን ያደርግለታል?» ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

አንድ እሑድ ከሰዓት ባሏ ሥራ ላይ ሳለ እናቷ ጠራቻት። ስድስተኛው ዳንቴል ጭኗ ላይ ነው፤ መርፌው ግን በእጇ የለም።

«ቁጭ በይ» አለቻት። «ይሄን ክር ዳብሺው።»

ፋርማሲስቷ ዳበሰችው። ምን እንደምትዳስስ ታውቃለች።

«አዲስ ክር ለስላሳ ነው» አለች እናቷ ቀስ ብላ፣ በሐኪም ፊት እንደተቀመጠ ሰው። «ይሄ ተጨማዷል። አንዴ ተሠርቶ የተፈታ ክር እንዲህ ነው የሚሆነው። አየሽ፣ መሥራቱን ሠርቼዋለሁ። ከዚያ እኔው ፈትቼዋለሁ፤ በዚህ ቤት ኪሮሽ የሚነካ ሌላ ሰው የለማ። መፍታቴን ግን አላስታውስም። አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ድካም ነው እል ነበር። ብዙ ቀን ነው።»

ፋርማሲስቷ ክሩን ለቀቀችው።

«እናቴም መጨረሻዋ እንዲሁ ነበር» ብላ ቀጠለች። «የኔን ስም ረስታ ነው የሞተችው። በይ እንኪ።» የቤቷን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ጭኗ ላይ አኖረችላት። «አከራዪው፣ እንደፈቀድሽ አድርጊው። እኔ ከእንግዲህ ብቻዬን የምኖር ሰው አይደለሁም። አደራሽን፣ ምድጃም እንዳልነካ ጠብቂኝ።»

በዚያች ደቂቃ መናገር ነበረባት። ይህን ታሪክ የሚሰማ ሁሉ በዚያች ደቂቃ መናገር ነበረባት ይላል፤ እውነቱን ነው። እሷ ግን ቁልፉን ያዘችው። እናቷ አትሄድም፤ ስንት ቀን የለፋችበት ነገር እጇ ገባ። ደረጃ የለም፣ መውደቅ የለም። ነገ እነግራታለሁ አለች፤ በነጋው ደግሞ ትንሽ ትረጋጋ አለች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሷ ግን እያደር ከበዳት። እናትየዋ ኪሮሹን አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ማለዳ ተነሥታ ፊቷን ትታጠብና መስኮቱ ሥር ባዶ እጇን ትቀመጣለች፤ ያቺ አማት እንኳ አታዘኝም ስትል የኖረች ሴት ተነሽ ሲሏት ትነሣለች፣ ነይ ሲሏት ትመጣለች። ውጪ በር ድረስ መሄድ ፈራች፤ መመለሻው ቢጠፋኝስ ትላለች። አንድ ቀን ምሳ በልተው ፋርማሲስቷ ሳህን ስታነሣ እናቷ አንገቷን ደፍታ፣ አፍራ፣ «ምሳ በልቻለሁ አይደል?» ብላ ጠየቀቻት። አፏን ገና አልጠረገችም። መብላቷን ታውቃለች፤ ማወቋን ግን ማመን ትታለች።

ፋርማሲስቷ ያኔ ገባት። እናቷን አጠገቧ ላስቀር ብላ ያስቀረችው ሌላ ሰው ነው፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ሳህኑን መልሳ አስቀመጠችና ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ብትናገር እናቷ ዛሬውኑ እንደምትሄድ ታውቃለች። ባትናገር ደግሞ እዚህ የተቀመጠችው ሴት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሄደች ነው።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑ ነው አንቺ?»

«ክሩን የፈታሁት። ምሳ ሰዓት አንቺ ስትተኚ። አንቺ ምንም አልሆንሽም።»

እናቷ እጇን ያዘቻት፤ ፊቷ ላይ ቁጣ ሳይሆን ርኅራኄ ነበር። «ልታጽናኚኝ ነው» አለች። «ተዪው ልጄ። አንቺ ኪሮሽ አትችዪም።»

ፋርማሲስቷ ይህን አልጠበቀችም። ስድብ ጠብቃ ነበር፣ ልቅሶም ጠብቃ ነበር። አለመታመን ግን አላሰበችም። ተነሥታ ከመሳቢያው ዳንቴሉን አመጣች። መርፌ ቁልፉን አውጥታ በእናቷ ፊት ክሩን ሳበችው። ዙሩ ተተረተረ። የተፈታውን ክር በሁለት ጣቷ ላይ እያዞረች፣ እየለወጠች ጠቀለለችው፤ ልጅ ሳለች ጣቷን ይዛ ያስተማረቻት ይህችው እናቷ ናት። ከዚያ የተረፈውን ቀለበት በመርፌ ቁልፉ ያዘች፤ ዳንቴሉንም ወንበሩ እጀታ ላይ፣ ሁልጊዜ በሚቀመጥበት ቦታ፣ ሁልጊዜ በሚቀመጥበት አኳኋን አኖረችው።

እናትየዋ ያን ሁሉ ጊዜ ያየችው ጣቶቿን ነው።

«ተመስገን» አለች መጨረሻ ላይ። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና አለቀሰች፤ የደስታ ልቅሶ ነበር። ልጇ ልታቅፋት ቀረብ ስትል ግን በክንዷ መለሰቻት። እንባዋን ጠረገችና ቀና አለች። የጥንት እልኋ ፊቷ ላይ ተመለሰ።

«መሞቻዬን ስጠባበቅ እያየሽኝ ነበር?»

«አዎ።»

«ምን በደልኩሽ?»

«እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው።»

«ታዲያ አትሂጂ አትዪኝም ነበር?»

«እምቢ ብትዪኝስ?»

«እምቢ እልሽ ነበራ!» አለች እናቷ። «እምቢ ተብሎ የሞተ ሰው አይተሻል?»

ከዚያ በኋላ አላናገረቻትም። ዳንቴሉን አንሥታ መስኮቱ ሥር ተቀመጠችና መርፌዋን ክሩ ውስጥ አስገባች። የተጨማደደውን ክር እንዳለ ሠራችበት። መተኛት ስትፈልግ ሥራዋን ይዛ ትገባለች፣ ትራሷ ሥር ታደርገዋለች፤ ሥራዋን ከልጇ ደብቃ ትተኛለች። ፋርማሲስቷ ስድብ ቢሆን ትችለው ነበር። ያ ትራስ ግን ከምንም በላይ አመማት፤ ምሳዋን እየተወች ፋርማሲው ውስጥ መዋል ጀመረች።

ስድስተኛው ዳንቴል ሲያልቅ እናትየዋ ጠረጴዛውን ራሷ አሰናዳችው። ሰው ሦስት ነው፤ ስድስቱንም ዘረጋቻቸው። ሾፌሩ ከሥራ ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ አየና ደስ አለው፤ ከዚያ እንደ ልማዱ ሊቀልድ ብሎ፣ የመጀመሪያዎቹን እንደ ንፋስ ሠርተው የመጨረሻዎቹ ላይ ምን ነካዎት አላት። ፋርማሲስቷ ሹካዋን ይዛ ቀረች። እናቷ ቀና ሳትል «ክሩ ስላስቸገረኝ ነው» አለችው። ሳህኑን ሞላችለት፤ የልጇንም ሞላች።

በማግስቱ ፋርማሲስቷ ቁልፉን መለሰችላት፤ ሻንጣዋን ይዛ ተከተለቻት። ያንን ደረጃ እናትየዋ የብረቱን ድጋፍ ይዛ፣ እያረፈች ወጣችው፤ ልጇ ከኋላዋ እጇን ዘርግታ ትከተላለች፤ ሳትነካት። ቤቱ አቧራ ለብሷል። አብረው ጠረጉ፣ መስኮት ከፈቱ፣ አንሶላ ቀየሩ፤ ስለ አቧራውና ስለ አንሶላው ብቻ ተነጋገሩ። መምሸቱ ነው፤ ፋርማሲስቷ መሄድ አለባት። በሩ ላይ ደርሳ ዞረች።

«እማዬ» አለች፣ «ከኛ ጋር ኑሪልኝ። ትወድቂያለሽ ብዬ እፈራለሁ። ደግሞም ትናፍቂኛለሽ። እለምንሻለሁ።»

እናቷ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። አላቋረጠቻትም፣ አልሳቀችባትም።

«እምቢ» አለች። «አሁን ባንቺ ቤት እንቅልፍ አይወስደኝም። ጥፋቱ ያንቺ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል። ግን ጠየቅሽኝ። ደግመሽም መጠየቅ ትችያለሽ።»

ፋርማሲስቷ ደረጃውን እያለቀሰች ወረደች፤ እምቢ ተብላለች፤ አልሞተችም።

ደግማም ጠየቀች። አሁን በየጠዋቱ ፋርማሲውን ከፍታ፣ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ፣ የመጀመሪያው ደንበኛ ሳይገባ ስልክ ትደውላለች። «ዛሬስ?» ትላለች። «ዛሬም እምቢ» ትላለች እናቷ፤ አንዳንዴ ተቆጥታ፣ አንዳንዴ ሳቋ እያመለጣት፣ አንዳንዴ ደግሞ ሬዲዮ በስልክ የነገረቻትን ወሬ አስቀድማ። ሾፌሩ ነገሩን ሲሰማ ሁለታችሁም አብዳችኋል አለ። ፋርማሲስቷ ግን ያንን ቃል ሳትሰማ ቀኗ አይጀምርም። እምቢታው እንደ ጥንቱ ጠንካራ ሲሆን እናቷ እናቷ መሆኗን ታውቃለች፤ እግሯም ራሷም ደህና ነው ማለት ነው፤ ስልኩን ዘግታ በደስታ ወደ ሥራዋ ትዞራለች። በፊት የምትፈራው እምቢታውን ነበር። አሁን ስልኩ በተጠራ ቁጥር፣ እናቷ እስክትመልስ ባለችው ትንሽ ጊዜ ውስጥ፣ አንድ ጠዋት በደከመ ድምፅ «እሺ» እንዳትላት ትፈራለች።